«ወራጅ አለ» ስም ነው ወይስ ግስ? አዲስ ቋንቋ ለምትፈጥሩ የአምስት መንገዶች ንጽጽር

ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ቃሉ ስም ነው፤ የሠራው ሥራ ግን የትእዛዝ ግስ ሥራ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ጠጋ ጠጋ!» ይላል። ይህ ደግሞ «በሉ» የሚለው ግስ ከኋላው ተውጦ የቀረ ነው። መውረጃው ሲደርስ ተሳፋሪው «ልውረድ» አይልም፤ «ወራጅ አለ» ይላል። ድርጊቱ በሙሉ «ወራጅ» በሚለው ስም ውስጥ ገብቶ፣ ለግስ የቀረው «አለ» ብቻ ነው።

አዲስ ቋንቋ የሚፈጥሩ ሰዎች በስምና በግስ መካከል ያለውን አጥር ለማፍረስ ከሚሄዱባቸው አምስት ዋና ዋና መንገዶች ሦስቱ በዚህች ሚኒባስ ውስጥ ዘር አላቸው። ስለዚህ በኮዬ ፈጬ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ ተሰባስባችሁ ለልብ ወለድ፣ ለጨዋታ ወይም ለእርስ በርስ መግባቢያ ቋንቋ ልትፈጥሩ ካሰባችሁ ከባዶ አትጀምሩም። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ሁሉም መንገዶች «ስምና ግስ አንድ ናቸው» ይላሉ፤ ልዩነቱን ግን አንዳቸውም አያጠፉትም። ወይ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ይደብቁታል፣ ወይ በአንዲት ደቂቅ ቃል ላይ ይጭኑታል፣ ወይ ተናጋሪው በቃሉ እንዲይዘው ያደርጋሉ። የምትመርጡት ሸክሙ የት ቢያርፍ እንደሚሻላችሁ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። ልጆች የወፍ ቋንቋ የሚሉት ዓይነት ጨዋታ እዚህ አይገባም። እሱ የአማርኛን ቃላት ድምፅ ያዛባል እንጂ ሰዋስዉን አይነካም፤ ስሙም ስም፣ ግሱም ግስ ሆኖ ይቀራል።

መፈተኛ ዓረፍተ ነገሮች

ምንም ቃል ከመፍጠራችሁ በፊት እነዚህን ስድስቱን በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ እያንዳንዱን መንገድ የምንለካው በእነሱ ነው።

1. ውኃ መጣ።
2. ልጅቷ ልብስ አጠበች።
3. ሴትየዋ ለጎረቤቷ ጎመን በ30 ብር ሸጠች።
4. ሻጯ ጎረቤቴ ናት።
5. መሸጥ ያደክማል።
6. ወራጅ አለ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገር ነው። ሁለተኛው «ውኃ» የሚለው ቃል ራሱ «ማጠብ» መሆን ይችል እንደሆነ ይፈትናል። ሦስተኛው ተሳታፊ ሲበዛ ምን እንደሚሆን፣ አራተኛው ድርጊት ወደ ሰው ሲቀየር፣ አምስተኛው ድርጊቱ ራሱ ሲጠራ፣ ስድስተኛው ደግሞ የመኖር ግስ ብቻውን ዓረፍተ ነገሩን ሲሸከም ያሳያሉ። አብዛኛው ጀማሪ አንደኛውንና ሁለተኛውን ብቻ ሞክሮ ቋንቋው የሠራ ይመስለዋል። የሚሰበረው ሦስተኛውና አምስተኛው ላይ ነው።

በቅጥያ መለየት

እ.ኤ.አ. በ1887 ዛመንሆፍ ያወጣው ኤስፔራንቶ የዚህ መንገድ አባት ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ መጨረሻው «ኦ» ከሆነ ስም፣ «ኢ» ከሆነ ያልታሰረ ግስ (እንደ «መሸጥ» ያለ)፣ «አስ» የአሁን፣ «ኢስ» ያለፈ፣ «ኦስ» የወደፊት ይሆናል። ቅጽሉንም ሳይቀር ግስ ማድረግ ይቻላል፤ ሰማይ ሰማያዊ ነው ለማለት «ሰማይ ሰማያዊያል» እንደማለት ያለ አንድ ግስ ይበቃል።

በወረቀት ላይ የሚያምር ነው። ችግሩ የሚወጣው ስለ ፀጉር ማውራት ሲጀመር ነው። «ብሮሶ» ብሩሽ ነው፤ መጨረሻውን ቀይሩና «ብሮሲ» በብሩሽ መጥረግ ይሆናል። «ኮምቢ» ፀጉር ማበጠር ነው። እንግዲህ በዚያው ሕግ «ኮምቦ» ሚዶ መሆን ነበረበት፤ አይደለም፤ የማበጠር ድርጊት ነው። መሣሪያውን ለመጥራት የመሣሪያ ቅጥያ ታክሎበት «ኮምቢሎ» መባል አለበት። ምክንያቱ የአንደኛው ሥር በድብቅ ዕቃ፣ የሁለተኛው ሥር ደግሞ በድብቅ ድርጊት መሆኑ ነው። ከውጭ ሲታይ ይህን የሚነግራችሁ ምልክት የለም፤ መዝገበ ቃላት መግለጥ ወይም መሸምደድ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሊያማርር አይችልም፤ ያው ነገር ቤቱ አለ። «ማበጠሪያ» ከ«አበጠረ» ወጣ፤ «ሚዶ» ግን ያንኑ ዕቃ እየጠራ ግስ የለውም። ስም ወደ ግስ ሲሄድም ዝምድናው አንድ አይደለም። «መረዘ» መርዝ ጨመረ ነው፣ «ደወለ» ደወል ተጠቀመ ነው፣ «አበበ» ደግሞ አበባ አወጣ። መጨመር፣ መጠቀም፣ ማውጣት፦ ሦስት የተለያዩ ዝምድናዎች በአንድ ቅርጽ ተሸፍነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው ኢዶ ይህን ለማስተካከል ተነሥቶ ነበር። በኤስፔራንቶ «ክሮኖ» ዘውድ፣ «ክሮኒ» ዘውድ መጫን ነው። ኢዶ ግን ስም በቀጥታ ግስ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ዝምድናውን የሚናገር ቅጥያ በመሀል ይገባና «ክሮኒዛር» ይሆናል፤ ሥርዓተ ንግሡ ደግሞ «ክሮኒዞ»። ግልጽነቱ ጨመረ፣ ቃሉም ረዘመ። ስምና ግስን አንድ የማድረግ ሐሳቡ ግን ከግማሽ በላይ ተቀበረ። ግልጽነትና ነፃነት አብረው እንደማይመጡ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ጥንድ ቋንቋ የለም።

ይህን መንገድ በፊደላችን ለመሥራት ለምትሞክሩ አንድ መልካም ዜናና አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መልካሙ፣ የመጨረሻው አናባቢ በፊደላችን ውስጥ የራሱ ቅርጽ አለው፤ የመጨረሻዋ ሆሄ እግር ወይም ቅጥል ብቻ ሲቀየር ቃሉ ከስም ወደ ግስ ይሻገራል፣ ዓይንም ቶሎ ይይዘዋል። ማስጠንቀቂያው፣ የኤስፔራንቶን «ኦ» እና «ኢ» እንዳሉ አትውሰዱ። ለአማርኛ ጆሮ በሳብዕ የሚያልቅ ቃል «ሄዶ፣ በልቶ» ይመስላል፤ ማለትም ግስ። በሣልስ የሚያልቀው «ነጂ፣ ገዢ» ይመስላል፤ ማለትም ስም። ትርጉሙ በትክክል ተገልብጦ ይሰማና ቡድናችሁ ለሳምንታት ሲምታታ ይኖራል። እኛ የምንመክረው ስሙን በሳድስ፣ ግሱን በግዕዝ መጨረስ ነው፦ «ታቅ» ስም፣ «ታቀ» ግስ። «ልብስ» እና «ለበሰ» ያለማመዱት ጆሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ግዕዝና ራብዕን ማጋጠም («ታቀ» እና «ታቃ») ግን አይሻልም፤ በስልክ ወይም በታክሲ ጫጫታ ውስጥ አይለይም።

በዚህ መንገድ ስድስቱም ፈተናዎች ያልፋሉ። ዋጋው ለየሥሩ «ዕቃ ነው» ወይስ «ድርጊት ነው» የሚል ማስታወሻ መያዝ ነው። 40 ሥር ካላችሁ 40 ማስታወሻ ነው፤ ብዙ አይደለም፤ ግን ካልተጻፈ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ያስታውሳል።

በቦታና በደቂቅ ቃላት መለየት

ሶንያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀችው ቶኪ ፖና ቃሉን ጨርሶ አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው መጽሐፏ 120 ቃላት ብቻ ነው የሚያስተምረው፤ ቃሉ ስም ይሁን ግስ የሚወሰነው በቆመበት ቦታ ነው። «ሊ» ከምትባለው ቃል በፊት ያለው ባለቤቱ፣ ከእሷ በኋላ ያለው ስለ ባለቤቱ የሚነገረው፣ ከ«ኤ» በኋላ ያለው ተሳቢው ነው።

«ቴሎ» ውኃ ነው። «ቴሎ ሊ ካማ» ውኃ መጣ። ያው «ቴሎ» ከ«ሊ» በኋላ ገብቶ ተሳቢ ሲከተለው ማጠብ ይሆናል፤ «ሚ ቴሎ ኤ ሌን» ልብስ አጠብሁ ነው። («ሚ» እኔ ናት፤ «ሚ» ወይም «ሲና» ብቻዋን ባለቤት ስትሆን «ሊ» ትቀራለች።) በ10 ደቂቃ ይገባል። 120 ቃል ከኮዬ መሀል ከተማ ባለው የየዕለት ጉዞ ላይ ብቻ እየተጠና በሁለት ሦስት ሳምንት ይያዛል።

የሚሰበርበትን ቦታ እናሳያችሁ። «ሞኩ» ምግብም መብላትም ነው። «ሚ ሞኩ» ታዲያ «እየበላሁ ነው» ነው ወይስ «እኔ ምግብ ነኝ»? ሁለቱንም ይሆናል። በአማርኛ «ነኝ» የሚለው ቃል ነበር የሚለየው፤ ቶኪ ፖና እሱን ስላስቀረችው ልዩነቱ ለአድማጩ ግምት ተትቷል። «ሚ ሞኩ ኤ ፓን» ብትሉ ግን ጉዳዩ ያልቃል፤ እንጀራ ወይም ዳቦ በላሁ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ በሕጋችሁ መጀመሪያ ላይ ይህን ጻፉ፦ ድርጊት ከሆነ ተሳቢ ግዴታ ነው፤ የታወቀ ተሳቢ ከሌለ «ኤ» ከ«ነገር» ጋር ትግባ። ሁለት ቃል ጨምራችሁ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ግራ መጋባት ታስቀራላችሁ።

ሁለተኛው ብልሽት የሚመጣው ዕቃ በግስ ቦታ ሲገባ ነው። «መዶሻ» የሚለው ቃላችሁ «ኤ በር» ከተከተለው በሩን በመዶሻ መታ ነው? ወይስ በሩን መዶሻ አደረገው? ወይስ በሩ ላይ መዶሻ ሰቀለ? ከላይ እንዳየናቸው ያሉ የተለያዩ ዝምድናዎች ተመልሰው መጡ። ለየዕቃው ዓይነት አንዱን ምረጡና አጽኑት። «መጠቀም» የሚለው ለመሣሪያ፣ «መጨመር» የሚለው ለፈሳሽና ለቅመም የተሻለ ይሄዳል፤ ሁለት ሕግ ከበቃችሁ ሦስተኛ አትጨምሩ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይህ መንገድ ይደክማል። ሻጭ፣ ጎመን፣ ገዢና ዋጋ አንድ ላይ ሲመጡ «ሊ» እና «ኤ» አይበቁም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይከፈላል። ቁጥሩም የራሱ ጣጣ አለው፤ 30 ለማለት «ሙቴ ሉካ ሉካ» ይባላል፣ 20 እና 5 እና 5 ማለት ነው። ለጉሊት ሒሳብ የሚሆን ቋንቋ አይደለም፤ ለዚያም አልተፈጠረም።

ክፍት ቦታ ያላቸው ቃላት

ሎጅባን ሥራው እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ ከዚያ በፊት በ1955 ጄምስ ኩክ ብራውን ከጀመረው ሎግላን የተወረሰ ነው። ከ1,300 በላይ ሥር ቃላት አሉት፤ አንዳቸውም ስም ወይም ግስ አይደሉም። እያንዳንዱ ሥር ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ክፍት ቦታዎች ያሉት ዝምድና ነው።

«ቬሽኑ» የሚለውን ሥር ይዘን ወደ ጉሊት እንውረድ። አራት ቦታ አለው፦ አንደኛው ሻጭ፣ ሁለተኛው ዕቃ፣ ሦስተኛው ገዢ፣ አራተኛው ዋጋ። ሦስተኛው መፈተኛችን እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ይልበታል፤ ሴትየዋ፣ ጎመኑ፣ ጎረቤቷና 30 ብሩ ሁሉም ወንበር አላቸው። ስም ስትፈልጉ ደግሞ «ሎ» ከፊት ትገባለች። «ሎ ቬሽኑ» የአንደኛው ቦታ ባለቤት ነው፤ ሻጭ። «ሎ ሴ ቬሽኑ» ሁለተኛው፤ የሚሸጠው ዕቃ። «ሎ ቴ ቬሽኑ» ገዢው። «ሎ ቬ ቬሽኑ» ዋጋው። አማርኛ ለእነዚህ አራት ነገሮች ሻጭ፣ ሸቀጥ፣ ገዢ፣ ዋጋ ብሎ አራት የተለያዩ ሥሮች ያስፈልጉታል። እዚህ አንድ ሥር ከአራት ትንንሽ ቃላት ጋር ሁሉንም ይወልዳል። የድርጊቱ መጠሪያ ደግሞ «ሎ ኑ ቬሽኑ» ነው፤ ልክ እንደ «መሸጥ»፤ አምስተኛው መፈተኛም ያለ ችግር ያልፋል።

ከአምስቱ ይህ በጣም የተሟላው ነው ብለን እናምናለን። ግን ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለው፤ «ሹ» የምትባል ቃል። «ሎ ጌርኩ ሹ ባዥራ» ውሻ ይሮጣል ማለት ነው። «ሹ»ን ርሱና «ሎ ጌርኩ ባዥራ» በሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። ሁለቱ ሥሮች ተጣብቀው «የውሻ ዓይነት ሯጭ» የሚል አንድ ስም ይሆናሉ፤ አድማጩም «እሺ፣ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠብቃል። ቃላቱ ራሳቸው ስምና ግስ ስላልሆኑ፣ ስሙ የት አልቆ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚጀምር የሚናገር አጥር ግድ ነው። ያቺ አጥር ናት «ሹ»። የራሳችሁን ስትሠሩ ይህችን ቃል አጭር፣ በድምፅዋም ከሌላው ሁሉ የተለየች አድርጓት፤ በፍጹምም እንደ አማራጭ አትተዋት።

ሌላው ሸክም የቦታዎቹ ተራ ነው። «ክላማ» የሚለው የመሄድ ሥር አምስት ቦታ አለው፦ ሄያጅ፣ መድረሻ፣ መነሻ፣ መንገድ፣ መጓጓዣ። መድረሻ ከመነሻ ይቀድማል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ «ከቱሉ ዲምቱ ወደ ፒያሳ» ማለት ስለሚቀለው በየጊዜው ይገለብጠዋል። ለየሥሩ ሦስት ቦታ ብቻ ብትሰጡ እንኳ 40 ሥር 120 የሚሸመደድ ነገር ይሆናል፤ የቶኪ ፖና መዝገበ ቃላት በሙሉ ያህል። ሁለት ሕግ ሸክሙን ያቀላል። ከሦስት ቦታ በላይ አትክፈቱ። ሰው የሆነው ሁልጊዜ አንደኛ፣ ነገር የሆነው ሁልጊዜ ሁለተኛ ይሁን፤ ከዚህ ያፈነገጠ ሥር አይግባ። ዋጋንና መጓጓዣን የመሰሉትን እንደ አማርኛ «በ» ባለ መስተዋድድ አስገቡ።

በዚህ አጋጣሚ፣ «እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ቋንቋ የለም» የሚል ካጋጠማችሁ ወደ ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ ምሩት። እዚያ በሚነገረው በኑቻኑልዝ ቋንቋ «ሰው» የሚለው ቃል የግስ ቅጥያ፣ «መሥራት» የሚለው ደግሞ «ው»ን የመሰለ ስም አመልካች ሊይዙ እንደሚችሉ የቋንቋ ተመራማሪው ሞሪስ ስዋዴሽ እ.ኤ.አ. በ1939 አሳይቷል። «ሰውየው ይሠራል» እና «የሚሠራው ሰው ነው» ቅጥያ በመቀያየር ብቻ ይለያሉ። ከእነሱ ጋር በሚጎራበቱት የሳሊሽ ቋንቋዎች ጉዳይ ዴል ኪንኬድ በ1983 ስምና ግስ የሚባል ክፍፍል የለም ብሎ ሲሟገት፣ ቫን አይክና ሄስ በ1986 አለ ብለው መልሰዋል፤ ማስረጃቸውም የእኔ፣ የአንተ የሚሉት የባለቤትነት ቅጥያዎች የትኞቹን ቃላት እንደሚቀበሉና የትኞቹን እንደማይቀበሉ ነበር። ክርክሩ ለእናንተም ይጠቅማል፤ የራሳችሁ ቋንቋ ልዩነቱን በእርግጥ አጥፍቶ እንደሆነ ለማወቅ «የእኔ» የሚለውን በሁሉም ሥር ላይ ግጠሙት። አማርኛችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ «የመጣውን አየሁት» ስንል «መጣ» የተባለ ሙሉ ግስ የስምን «ው» እና የተሳቢን «ን» ተሸክሞ ይሄዳል።

ግስ የሌለው ቋንቋ

ሲልቪያ ሶቶማዮር የፈጠረችው ኬለን ግስ የለውም። በምትኩ አራት የዝምድና ቃላት አሉ፦ «ላ» ለመኖርና ለሁኔታ፣ «ኒ» ለመለወጥ፣ «ሴ» ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚተላለፍ፣ «ፓ» አንድ ነገር ሌላውን እንደ ክፍል ለመያዙ። የቀረው ዓለም በሙሉ በስም ይነገራል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። «ወራጅ አለ» የ«ላ» ዓረፍተ ነገር ነው። «ቤቱ ሦስት ክፍል አለው» የ«ፓ»። «ምክር ሰጠ» የ«ሴ»። ዜና ሲነበብ «ተወያዩ» በማለት ፋንታ «ውይይት አካሄዱ» የሚባለውም ወደዚሁ ያዘነበለ ነው። ግን «አራቱ ቃላት ራሳቸው ግስ አይደሉም ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። የግስን ሥራ ይሠራሉ። ልዩነቱ አራት ብቻ ሆነው የተዘጉ መሆናቸው ነው፤ አምስተኛ አይጨመርም።

ከዚህ ላይ ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ላለ ቡድን የምንመክረው መንገድ ይወጣል፤ አጋዥ ቃል። በእነዚህ ሰፈሮች አንድ ቡድን ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አፍ የፈቱ ሰዎች አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ የማይለዋወጥ ቃል ከ«አለ» ጋር አጣምሮ ግስ መሥራት። «ዝም በል» እና «ጨል ጄዺ» በአሠራር መንትዮች ናቸው። አማርኛ ባዕድ ቃል የሚውጠውም በዚሁ ነው፤ «ቻርጅ አደረገ»፣ «ሴቭ አደረገ»፣ «ዳውንሎድ አደረገ»። ቃሉ ስም ይሁን ግስ ማንም አይጠይቅም፤ «አደረገ» ከጀርባው እስከቆመ ድረስ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት አጋዥ ብቻ ፍጠሩ፦ አንዱ ለራስ ሁኔታ፣ አንዱ ሌላውን ለማድረግ፣ አንዱ ለመኖር። ለምሳሌ «ቁ»፣ «ቡ» እና «ኖ» ይሁኑ። «ታሊ» ውኃ፣ «ኬን» መምጣት፣ «ሪማ» ልጅ፣ «ፎት» ልብስ፣ «ዙር» መውረድ ቢሆኑ፦

«ታሊ ኬን ቁ።» ውኃ መጣ።
«ሪማ ፎትን ታሊ ቡ።» ልጅ ልብስ አጠበ፤ ቃል በቃል «ልጅ ልብስን ውኃ አደረገ»።
«ዙር ኖ።» ወራጅ አለ።

የሚበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው። ከ«ፎት» ጫፍ ላይ ያለችውን «ን» ብታነሱ «ፎት ታሊ ቡ» ይሆንና ልብስ ውኃን ምን እንዳደረገው፣ ወይም «የልብስ ውኃ» የሚባል ነገር እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ሁለት ሕግ አብረው ይግቡ፦ ከአጋዡ ጋር የተጣበቀው ቃል ሁልጊዜ ድርጊቱ ነው፤ ተሳቢ ምልክት ሳይይዝ አይወጣም። ለአምስተኛው መፈተኛ ምንም አያስፈልግም፤ ቃሉ ያለ አጋዥ ሲቆም የድርጊቱ ስም ነው። ሦስተኛው ላይ ለገዢ «ለ»ን፣ ለዋጋ «በ»ን የመሰሉ ሁለት መስተዋድዶች ጨምሩ። አራተኛው ላይ ግን «ሻጭ» ለማለት አንድ የሰው ቅጥያ ሳትጨምሩ አታልፉም፤ እሱን መቀበል ይሻላል።

ሥርና ቅርጽ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ስ-ብ-ር ብሎ ሦስት ተነባቢ ይዞ «ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበር» እንደሚወጣው የራስን ሥር መፍጠር። ሥሩ ራሱ ስምም ግስም አይደለም፤ ቅርጹ ነው የሚወስነው። ውብ ነው፤ ለልብ ወለድ ስሞች ደግሞ ቤተሰባዊ መልክ ይሰጣል። ሆኖም ለአማርኛ ተናጋሪ አንመክረውም። ቅርጾቹ ሳይታወቁ ከአፍ መፍቻው ይሾልኩና ውጤቱ ጭምብል የለበሰ አማርኛ ይሆናል። ከመረጣችሁት ግን ቅርጾቹን ከአራት አታሳልፉ፣ ጥብቀት ትርጉም የሚለይበትንም ቅርጽ አትጠቀሙ፤ «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» እንደሚሆነው ሁሉ ፊደላችን ልዩነቱን አይጽፈውም። የግድ ከሆነ የማጥበቂያ ነጥብ ከፊደሉ በላይ አድርጉ።

በዚሁ ምክንያት ኢትኩይልን ለመቅዳት አትቸኩሉ። ጆን ኪሃዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረገው በዚያ ቋንቋ ሥር ሁሉ ስምም ግስም ሆኖ መውጣት ይችላል፤ ነገር ግን አንዱን ቃል ለመገንባት ብቻ ብዙ የሰዋስው ምርጫ ያስፈልጋል። ለማጥናት እንጂ ሻይ እየጠጡ ለማውራት የተሠራ አይደለም።

ለማን የትኛው?

ከትምህርት በኋላ የሚገናኙ ልጆች ከሆኑ ደቂቅ ቃል ያለው መንገድ ይበቃቸዋል፤ ተሳቢ ግዴታ መሆኑ እንዳይረሳ ብቻ። ለኮምፒውተር ጨዋታ ወይም ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ክፍት ቦታ ያለው መንገድ ይስማማል፤ ዝምድናና ተራ ቁጥር የለመደ ነው። ለልብ ወለድና ለፊልም ቅጥያ ይሻላል፤ ተመልካቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ይለየዋል። ሁለት አፍ መፍቻ ቋንቋ ያለው ቡድን አጋዥ ቃልን ይያዝ።

ከወሰናችሁ በኋላ ፈትኑት። ከደብተር አምስት ሉክ ቀዳችሁ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡ 40 ካርድ ይወጣል። 15 ዕቃ፣ 15 ድርጊት፣ 10 ሁኔታ ጻፉባቸው። አንዱ ሰው ስድስቱን መፈተኛዎችና በራሱ ያዘጋጃቸውን ሌሎች ስድስት በአዲሱ ቋንቋ ያንብብ፤ ሌላው ሳያይ፣ እየሰማ ብቻ፣ በአማርኛ ይጻፍ። ከ12ቱ ከሦስት በላይ ከተሳሳቱ ሕጉ ነው የታመመው፤ ቃል መቀየር አያድነውም። ስህተቱ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የሚደጋገም ከሆነ ግን ቃሉን ጣሉት።

መዝገበ ቃላቱን ደብተር ላይ ያዙ፤ መብራት ሲጠፋ ስልክም አብሮ ይሞታል። ለእያንዳንዱ ቃል አራት ዓምድ ይኑር፦ ቃሉ፣ በስም ቦታ ሲቆም ትርጉሙ፣ በግስ ቦታ ሲቆም ትርጉሙ፣ ተሳቢ ሲከተለው ትርጉሙ። ብዙ ቡድን ሁለተኛውን ዓምድ ሞልቶ የቀሩትን ለኋላ ይተዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ቃል ገና አልተፈጠረም፤ ካርዱን ለይታችሁ አስቀምጡት።